ሊሊን ከዘር ማሳደግ፦ ለጓሮ አትክልተኞች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚህ የተሰበሰባችሁት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጓሮ ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ በሶብላውን የምታበቅሉ ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ ኩትኳቶና ውኃ ማጠጣት ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ከጎመኑ መደብ አጠገብ ለአንዲት አበባ ቦታ እንድትለቁላት ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። ለሊሊ።

የትኛዋ ሊሊ? መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ ምክንያቱም አገር ቤትም እዚህም ሊሊ የማይባል አበባ የለም። ለሠርግ የምትያዘው፣ እንደ ቀንድ የተጠቀለለችው ነጯ ካላ ሊሊ እውነተኛ ሊሊ አይደለችም። አበባዋ ለአንድ ቀን ብቻ የሚፈካው፣ በየመንገዱ ዳር የምትታየው ዴይሊሊም አይደለችም። በእኛ አገር በተፈጥሮ የምትበቅለው፣ ቀይና ቢጫ ነበልባል የምትመስለው ግሎሪዮሳም አይደለችም። በመኃልየ መኃልይ «የቈላም አበባ ነኝ» የሚለው፣ በግዕዙ ጽጌ ደንጎላት የተባለችው፣ በብዙ ቋንቋ ሊሊ ተብላ ተተርጉማለች፤ የትኛዋ አበባ እንደሆነች ግን ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከሩባታል።

እውነተኛዋን ሊሊ የምታውቋት በኮረቷ ነው። ይኸው፣ በእጄ የያዝኩትን ተመልከቱ። ቀይ ሽንኩርት የሚመስል ኮረት ነው፤ ነገር ግን ሽንኩርቱን የሚሸፍነው ደረቅ ልጣጭ የለውም። ወፍራም፣ ነጭ፣ ሥጋማ ቅርፊቶች ተደራርበው ነው የተሠራው። ልጣጭ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፤ ቶሎ ይጎዳል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን። እንዲህ ያሉ ሊሊዎች ወደ 100 የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው። ሁሉም የምድር ሰሜናዊ አጋማሽ ልጆች ናቸው፤ የእስያ፣ የአውሮፓ፣ የሰሜን አሜሪካ። በአፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ አንድም የለም።

በገበያ የምታገኟቸው አብዛኞቹ ድቅሎች ናቸው። ያምራሉ፤ አልነቅፋቸውም። ነገር ግን የድቅል ዘር ብትዘሩ እናቱን የሚመስል አታገኙም። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ተፈጥሮ ራሷ ስለሠራቻቸው፣ ከዘር ተዘርተው እናታቸውን ስለሚመስሉት የዱር ዝርያዎች ነው። ስለ ቦታና አፈር እነግራችኋለሁ፤ ስለ ዘር እነግራችኋለሁ፤ ከኮረት ስለማባዛትም እነግራችኋለሁ። ብዙ የምቆየው ግን ዘሩ ላይ ነው። ለምን? ሰው የሚሸነፈው እዚያ ስለሆነ።

ቦታና አፈር

ሊሊ ውኃ ትወዳለች፤ የቆመ ውኃ ግን ይገድላታል። የዚህ አካባቢ ቀይ የሸክላ አፈር ደግሞ ውኃ ያቆማል። እንዴት ታውቃላችሁ? 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ውኃ ሙሉት፤ ይጠጣ። እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውኃ ከአራት ሰዓት በኋላም ካለ፣ እዚያ ላይ ሊሊ አትትከሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው ሸክላውን ይቆፍርና ጉድጓዱን በአሸዋ ይሞላዋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው! በዙሪያው ያለው ሸክላ እንደ ገንዳ ሆኖ የመደቡን ውኃ ሁሉ ወደዚያ ጉድጓድ ይሰበስባል፤ ኮረቱ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። መፍትሔው ወደ ታች መውረድ ሳይሆን ወደ ላይ መውጣት ነው። መደቡን ከመሬቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉ። ግማሹ የጓሮአችሁ የላይኛው አፈር፣ ሩቡ በደንብ የበሰበሰ የቅጠል ኮምፖስት፣ ሩቡ ሻካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይሁን። ትኩስ ፍግ በፍጹም አታስገቡ፤ የኮረቱን መቀመጫ የሚያበሰብሰውን ፈንገስ ይጋብዛል።

የመትከያው ጊዜ አሁን ነው፤ ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር፣ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ። ጥልቀቱስ? አብዛኞቹ የእስያ ሊሊዎች ሁለት ዓይነት ሥር አላቸው። አንዱ ከኮረቱ በታች ይወርዳል፤ ሌላው ከኮረቱ በላይ፣ ከግንዱ ላይ፣ አፈር ውስጥ ይወጣል። ምግቡን በአብዛኛው የሚሰበስበው ይህ የግንዱ ሥር ነው። ስለዚህ ከኮረቱ ራስ በላይ 15 ሳንቲሜትር ያህል አፈር ይኑር። በጥልቀት ያልተተከለች ሊሊ ይህን ሥር የምታወጣበት ቦታ ታጣለች፤ በሁለተኛው ዓመት ታንሳለች፤ በሦስተኛው ትጠፋለች። ባለቤቱም «ብርዱ ገደላት» ይላል።

ከዚህ ደንብ የምትወጣ አንዲት አለች፤ ካንዲደም፣ የሜዲትራኒያኗ ነጭ ሊሊ፣ ፈረንጆች በእመቤታችን ሥዕል ላይ የሚስሏት። እርሷን ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ብቻ ሸፍኗት። በኦገስት መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር መጀመሪያ ትከሏት፤ በመከር ቅጠል አውጥታ ክረምቱን በአረንጓዴዋ ታሳልፋለች። ኖራ ያለበት አፈር ትወዳለች፤ በበጋ መድረቅ ትፈልጋለች። ኦራተምና ስፔሲዮሰም የሚባሉት የእስያ ሊሊዎች፣ የአሜሪካዎቹ ሱፐርበምና ካናደንስም ግን ኖራ አይችሉም፤ ትንሽ ኮምጣጣ አፈር ስጧቸው።

ዘሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ኮረት ገዝቶ መትከል እየተቻለ ለምን ዘር? እባካችሁ ይህችን በደንብ ስሙኝ። ሊሊን የሚያጠፋት ትልቁ ጠላት ቫይረስ ነው። ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ አበባው ይጣመማል፤ ተክሉ በየዓመቱ ያንሳል። መድኃኒት የለውም። ቫይረሱ በኮረት ይተላለፋል፤ ከኮረቱ በተገነጠለ ቅርፊት ይተላለፋል፤ ክሽክሽ ከአንዱ መጥጦ ወደ ሌላው ይወስደዋል። በሊሊ ዘር ግን በተለምዶ አይተላለፍም። የታመመች እናት ጤነኛ ልጆች ትሰጣችኋለች! ዘር የሚዘራ ሰው በየትውልዱ ንጹሕ ተክል ይጀምራል። ይህን የሚሰጥ ሌላ መንገድ በጓሮ ደረጃ የለም።

ዘሩን እንዴት ትለቅማላችሁ? ይኸው የደረቀ ፍሬ፤ እያዟዟራችሁ ተመልከቱት። የአውራ ጣት ያህል ነው፤ ሦስት ክፍል አለው። ጫፉ ላይ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ዘር በየክፍሉ በሁለት ረድፍ እንደ ሳንቲም ተደራርቦ ይታያል። ዘሩ እንደ ወረቀት ስስና ጠፍጣፋ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል። ፍሬው ወደ ቢጫነትና ቡናማነት ሲለወጥና ጫፉ መከፈት ሲጀምር ቁረጡት። ውርጭ ከቀደማችሁ ከነግንዱ ቆርጣችሁ ቤት ውስጥ ሙቅና ደረቅ ቦታ አቁሙት፤ ይበስላል።

ከዚያ አንድ ዘር አንሡና ወደ መስኮት አድርጋችሁ በብርሃን እዩት። ዝም ብላችሁ እዩት። መሐሉ ላይ ቀጭን፣ ጠቆር ያለች መስመር ካለች ሽሉ እርሱ ነው፤ ያ ዘር ሕይወት አለው። መስመር የሌለው ገለባ ነው። ገለባውን ካልለያችሁት ሻጋታ የሚጀምረው ከእርሱ ነው። ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ብታነፍሱት፣ ጤፍ ያነፈሰች እጅ የምታውቀው ሥራ ነው፤ ባዶው ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል።

አሁን፣ የሊሊ ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ፈጣኖች አሉ፤ ዘገምተኞች አሉ። ይህን ሳያውቅ የዘራ ሰው ዘሩን ከነነፍሱ ይጥለዋል።

ፈጣኖቹ እነማን ናቸው? ሬጋሌ፣ ፎርሞሳነም፣ ሎንጊፍሎረም፣ ፑሚለም፣ ዳቪዲ፣ ካንዲደም። እነዚህ ልክ እንደ ሽንኩርት ዘር ናቸው። ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ባለው ማሰሮ፣ ግማሽ የችግኝ አፈር ግማሽ ፐርላይት (አፈር የሚያላላ ነጭ፣ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) አድርጋችሁ፣ በአንድ አንድ ሳንቲሜትር ርቀት ዝሩ። ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ሸፍኗቸው፤ ከላይ ስስ ጠጠር በትኑበት። ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃቸዋል፤ ማሞቂያው ላይ አታስቀምጧቸው፤ ብዙ ሙቀት ያግታቸዋል። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ቀጭን ቅጠል ጎብጣ፣ የዘሩን ቅርፊት በጫፏ ይዛ ትወጣለች። ቅርፊቱን በእጃችሁ አትንቀሉት፤ ጫፏን ትቆርጣላችሁ። በቀን 14 ሰዓት ያህል የመብራት ብርሃን ካገኘች አትረዝምም፣ አትወድቅም።

ፎርሞሳነም በጃንዋሪ ተዘርታ በዚያው ዓመት በበጋው መጨረሻ ወይም በመከር ልታብብ ትችላለች። ሬጋሌ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ታብባለች። የሬጋሌን ችግኝ የመጀመሪያውን ክረምት በማሰሮው ውስጥ፣ ውርጭ በማይጎዳው ጥግ አሳልፉት፤ በተከታዩ ጸደይ ወደ መደብ አውጡት።

ስለ ሬጋሌ ካነሣሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ይህች ሊሊ በዓለም ላይ በዱር የምትገኘው በምዕራብ ቻይና፣ በሲቹዋን፣ በሚን ወንዝ ጠባብ ሸለቆ ነው፤ በጋው የሚያቃጥል፣ ክረምቱ የሚቆርጥ፣ ነፋሱ የማያቋርጥ ገደል። ኧርነስት ዊልሰን የሚባል እንግሊዛዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1910 ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዛፍ አትክልት ስፍራ፣ ለአርኖልድ አርቦሬተም፣ ኮረቷን ሊያስወስድ ሄደ። በመመለሻው መንገድ ላይ ናዳ ወረደ፤ እግሩን ሰበረው። የፎቶ ካሜራውን ማቆሚያ እግሮች እንደ መጠገኛ እንጨት አድርገው አሰሩለት። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ ከኋላ የመጣ የበቅሎ ጓዝ መቆሚያ አልነበረውም፤ እርሱ መንገዱ ላይ ተኝቶ በቅሎዎቹ አንድ በአንድ ተራመዱት፤ አንዱም አልረገጠውም። እስከ ዕለተ ሞቱ እያነከሰ ሄደ። ኮረቶቹ ግን አሜሪካ ደረሱ። ያንን ሸለቆ የቻለች ሊሊ የሜሪላንድን ክረምት አትፈራም! ነጭ ናት፤ ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ጀርባዋ የወይን ጠጅ ቀለም፤ ሽታዋ ማታ ጓሮውን ይሞላዋል። ለጀማሪ ከዚህች የተሻለች አላውቅም።

ዘገምተኞቹስ? ማርታገን፣ ኦራተም፣ ስፔሲዮሰም፣ ካናደንስ፣ ሱፐርበም። ሱፐርበም የዚህ ምድር ተወላጅ ናት፤ በጁላይ በሼናንዶዋ ተራራ መንገድ ዳር ብርቱካናማ፣ ነጠብጣብ ያለባት፣ ቅጠሎቿን እንደ ጥምጥም ወደ ኋላ የጠቀለለች፣ ከሰው ቁመት የምትበልጥ አበባ አይታችሁ ከሆነ እርሷ ናት። ከጫካ ግን አትቆፍሯት። በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሕግ ይከለክላል፤ ከዚያም በላይ ከዘር ማሳደግ ስትችሉ ለምን ትነቅሏታላችሁ?

የእነዚህ ዘር መጀመሪያ ከአፈር በላይ ምንም አያሳይም። ሙቀት ሲያገኝ ከአፈር በታች፣ በጨለማ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ኮረት ይሠራል። ይቆማል። ከዚያ ክረምት ይጠብቃል። ብርዱን ከቀመሰ በኋላ፣ ሙቀት ሲመለስ፣ አንዲት ቅጠል ያወጣል። ሰው ግን በሁለት ወር «አልበቀለም» ብሎ ማሰሮውን ይደፋዋል። የደፋው አፈር ውስጥ ሕያው ኮረት አለ!

ስለዚህ ማሰሮ ተዉት፤ ዚፕ ያለው ላስቲክ ተጠቀሙ፤ ውስጡ ይታያችኋላ። ሁለት እፍኝ ቨርሚኩላይት፣ ውኃ የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ፣ አርጥቡ። እርጥበቱን በጭብጣችሁ ለኩት፤ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ውኃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በዝቷል፤ እጃችሁን ብቻ የሚያረጥብ ከሆነ ልክ ነው። ዘሩን ቀላቅሉ፤ ትንሽ አየር ትታችሁ ዝጉ፤ ስሙንና ቀኑን ጻፉ። ወደ 20 ዲግሪ በሚሆን ክፍል፣ ቁም ሣጥን ውስጥም ቢሆን፣ ሦስት ወር አቆዩት። በየሁለት ሳምንቱ እዩት። በኦክቶበር የጀመረ ሰው በጃንዋሪ ነጫጭ ጥቃቅን ኮረቶችን በላስቲኩ ጎን ያያል። ያኔ ወደ ፍሪጅ፤ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ፣ ሌላ ሦስት ወር። በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም! ከፖምና ከሙዝ ጋርም አይደለም፤ ፍራፍሬው የሚለቀው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ኮረቱን ይጎዳዋል። በኤፕሪል አውጥታችሁ በ2 ሳንቲሜትር ጥልቀት ማሰሮ ውስጥ ትከሏቸው፤ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ስጧቸው። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ቅጠል ብቻ ነው የምታዩት። ያ ጤነኛ ነው። አበባ ለማየት ሱፐርበም አራት አምስት ዓመት ይፈጅባታል፤ ማርታገን ከዚያም በላይ።

ላስቲኩ ውስጥ ሻጋታ ቢታይስ? ወይ ውኃው በዝቷል፣ ወይ ገለባው አልተለየም። ዘሩን በወንፊት እጠቡት፤ የበሰበሰውን ጣሉ፤ በአዲስ ቨርሚኩላይት፣ ከበፊቱ ደረቅ አድርጋችሁ መልሱት። ሻጋታ ስላያችሁ ብቻ ሁሉን አትጣሉ።

ከኮረት ማባዛት

ጤነኛ መሆኗን ያረጋገጣችኋት ሊሊ ካለቻችሁ፣ በቅርፊት ማባዛት ፈጣን ነው። አበባው ካለፈ በኋላ በመከር ኮረቱን አውጡ፤ አፈሩን እጠቡ። መጀመሪያ ካሳየኋችሁ ልጣጭ አልባ ሥጋማ ቅርፊቶች ከውጭ ያሉትን ወደ ታችና ወደ ውጭ ገፋ አድርጋችሁ ገንጥሏቸው። መቀመጫው ድረስ መውረድ አለበት፤ መሐሉ ላይ የተሰበረ ቅርፊት ይበሰብሳል። ከአንድ ኮረት ከሲሶው በላይ አትውሰዱ፤ የቀረውን መልሳችሁ ትከሉት፤ በተከታዩ ዓመት ያብባል። ቅርፊቶቹን ለጥቂት ሰዓት አድርቋቸው፤ በዚያው በላስቲክና በቨርሚኩላይት መንገድ በ20 ዲግሪ ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት አቆዩ። በእያንዳንዱ ቅርፊት ግርጌ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ትንንሽ ኮረቶች ይወጣሉ፤ እንደ ወተት ጥርስ። ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ፍሪጅ፤ ከዚያ ማሰሮ። ቅርፊቱን ከልጁ አትለዩት፤ እስኪሟሽሽ ይመግበዋል።

ሱፐርበምና ካናደንስ ኮረታቸውን በአጭር አግዳሚ ግንድ ጫፍ ላይ ይሠራሉ፤ እነርሱን በመከር ቆፍሮ በመቁረጥ መለየት ይቻላል። ታይገር ሊሊ ደግሞ በቅጠሉና በግንዱ መጋጠሚያ ላይ ጥቁር፣ ቁንዶ በርበሬ የሚመስሉ ኮረቶች ታፈራለች። በእጅ ሲነኩ የሚወድቁት ደርሰዋል፤ በ2 ሳንቲሜትር ጥልቀት ቅበሯቸው። ይህች ቀላሏ ናት። ግን ላስጠንቅቃችሁ፦ ታይገር ሊሊ ቫይረስ ተሸክማ ምንም ምልክት ሳታሳይ ዓመታት ትኖራለች። ራሷ አምራ ጎረቤቶቿን ትገድላለች። ፎርሞሳነም ደግሞ ቫይረስ ሲይዛት ቶሎ የምትወድቅ ናት። ሁለቱን በአንድ ጓሮ አታኑሩ።

በሽታ፣ አውሬና ድመት

የቅጠሉ ቡናማ ሞላላ ነጥብ ቦትራይተስ የሚባል ፈንገስ ነው፤ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። የሚነሣው ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት ረጥቦ ሲቆይ ነው። ውኃ ጠዋት፣ ከሥር ብቻ አጠጡ፤ የታመመውን ቅጠል ልቀሙና ከጓሮው አስወጡ፤ ኮረቱ ደህና ነው። ቫይረስ ያለበትን ግን ሳታቅማሙ ነቅላችሁ ከነኮረቱ በላስቲክ አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፤ ኮምፖስት ውስጥ አታስገቡ። ለሜዳ አይጥ ኮረቱን በ13 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው የወንፊት ሽቦ ቅርጫት ውስጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ለአጋዘን ከአጥር በቀር የሚያስተማምን ነገር የለም።

አሁን ሁላችሁም ቀና በሉልኝ። ቤታችሁ ድመት አለ? የሊሊ ቅጠል፣ አበባ፣ ግንድ፣ በድመቷ ፀጉር ላይ የረገፈ የአበባ ብናኝ፣ የአበባ ማስቀመጫው ውኃ እንኳ የድመትን ኩላሊት በቀናት ውስጥ ያቆማል። ዴይሊሊም እንዲሁ ናት። ድመታችሁ ከቀመሰች ምልክት አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ድመቷ ጓሮ የምትወጣ ከሆነች ሊሊ አትትከሉ። ይህን ስነግራችሁ አበባዋን ከልቤ እየወደድኳት ነው።

አዲስ አበባ ላይስ?

ይህን ጥያቄ ከፊት ወንበር አስቀድማችሁ አቀብላችሁኛል፤ እናት አባት ጓሮ መላክ ፈልጋችሁ። በደቡብ ሕንድ፣ በኒልጊሪ ተራሮች፣ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ የምትኖር ሊሊ አለች፤ ኒልገረንሴ ትባላለች። ሐሩር አገር ደጋ ሊሊን እንደሚያኖር ምስክር ናት። ዘሯን ማግኘት ግን ከባድ ነው። የምትገኘው ፎርሞሳነም ናት፤ የታይዋን ልጅ፣ ከባሕር ዳርቻ እስከ 3,000 ሜትር ተራራ የምትበቅል፣ ለማበብ የከረረ ብርድ የማትጠይቅ። ሬጋሌና ማርታገን ግን እውነተኛ ብርዳማ ክረምት ይፈልጋሉ፤ አዲስ አበባ ላይ እየመነመኑ ይሄዳሉ። ሁለት አደራ አለኝ። ዘርም ኮረትም ድንበር ሲሻገር የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ስለሚያስፈልገው ሕጉን ጠይቃችሁ ላኩ። ፎርሞሳነም ደግሞ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ከጓሮ አምልጣ አረም ሆናለች፤ አዲስ አበባ ላይ የሚተክላት ሰው ለዘር ከሚፈልጋት አንድ ፍሬ በቀር ሌላውን ሳይሰነጠቅ ይቁረጥ።

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት ፖስታ አለ። ነጩ ሬጋሌ ነው፤ ዛሬ ማታ መዝራት ትችላላችሁ፤ መብራት ከሌላችሁ ግን ደረቁን ፍሪጅ አስቀምጣችሁ እስከ ፌብሯሪ ጠብቁ። ቡናማው ሱፐርበም ነው፤ እርሱ ዛሬውኑ ላስቲክ ውስጥ ይግባ። በእያንዳንዱ ፖስታ 30 ዘር አለ፤ ወደ መስኮት አንሥተን አንድ በአንድ መስመሩን አይተነዋል። እስክሪብቶም አለ፤ የዛሬውን ቀን ፖስታው ላይ ጽፋችሁ ውሰዱ፤ ፍሪጅ የሚገባበትን ቀን የምትቆጥሩት ከዚያ ነውና።